እያነባ ስለሚደርቅ ዓይን

ሰው ከአካሉ ሁሉ አብልጦ የሚሳሳለት ዓይኑ ነው። የሚወደውን ልጅ «ዓይኔ» ብሎ ይጠራዋል፤ አደራ ሲሰጥም እንደ ዓይን ብሌን እንዲጠበቅለት ይለምናል። ነገር ግን በቃል ይህን ያህል የተከበረው ዓይን በግብር ሲታይ እምብዛም ጠያቂ የለውም። ጥርሱን ያመመው ሰው ሌሊቱ እስኪነጋለት ይቸኩላል፤ ዓይኑን የቆረቆረው ግን በእጁ ጀርባ አሽቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። በማግሥቱም እንደዚሁ ያደርጋል። ከዓመት በኋላ ስለ ዓይኑ የጠየቁት እንደሆነ «ድሮም እንዲህ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ «ድሮም እንዲህ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ደዌ ተሸሽጎ የሚኖርበት መጋረጃ ነው።

ከዚህ መጋረጃ በስተኋላ ከሚገኙት ደዌዎች አንዱ የዓይን ድርቀት የሚባለው ነው። ደዌው አብዛኛውን ጊዜ አያሳውርም፤ ስለማያሳውርም እንደ ደዌ ሳይቈጠር ቀርቷል። ሆኖም በሆሣዕናና በሌሎቹ የሐዲያና የከምባታ ከተሞች የሚኖር ሰው የአገሩን አየር፥ የቤቱን አሠራርና የሥራውን ጠባይ አንድ በአንድ ቢመረምር፥ ዓይንን ለማድረቅ ምክንያት የሚሆነውን ነገር ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ያገኘዋል። ስለዚህ ጉዳዩ ለአንድ ሰው ለራሱ ብቻ የሚተው አይደለም። የጤና ሹማምንትን፥ የከተማ አስተዳዳሪዎችንና ሕዝቡ ምክር የሚጠይቃቸውን ካህናት የሚነካ ነው።

በመጀመሪያ የእንባ ነገር በሚገባ ሊታወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እንባ የኀዘን ውሃ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ሰው ሳያዝንም ዓይኑ ክፍት በሆነ ጊዜ ሁሉ በዓይኑ ፊት ላይ ተዘርግቶ የሚኖር እጅግ ስስ የእንባ ሽፋን አለ። አንድ ሚሊ ሜትር ከሺህ ቢከፈል የዚህ ሽፋን ውፍረት ሦስቱን እጅ ያህል ቢሆን ነው። እንዲህ ስስ ሲሆንም የተሠራው ከአንድ ነገር አይደለም። ከሥር ከዓይን ገጽ ጋር የሚያጣብቀው ዝልግልግ ፈሳሽ አለ፤ በመካከል ውሃው አለ፤ ከላይ ደግሞ ቅባት ይሰፍፍበታል። ቅባቱን የሚያመነጩት በላይኛውና በታችኛው የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው፤ እነርሱንም ሄንሪክ ማይቦም የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1666 ዓመት ገልጾ ስለጻፈ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። በወጥ ላይ የሰፈፈ ቅቤ ሙቀቱን ይዞ እንደሚያቆየው ሁሉ፥ ይህ ቅባት ከበታቹ ያለው ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ ይጠብቀዋል። የዓይን ቆብ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ሲርገበገብ ሽፋኑን እንደ ገና ያለብሰዋል፤ አቧራውንም ያጥባል።

እንግዲህ የዓይን ድርቀት የሚባለው ይህ ሽፋን ሲጐድል ወይም ሳይቆይ ሲበጣጠስ የሚመጣው ነው። አንዳንዱ ሰው ውሃው ያንሰዋል። የሚበዛው ግን ውሃው ሳያንሰው ቅባቱ ስለ ጐደለ ወይም ስለ ረጋ ውሃው በቶሎ የሚተንበት ነው። ያን ጊዜ ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፤ ይለበልባል፤ ይቀላል፤ ወደ ማታ ይከብዳል። ፊደልም ይደበዝዛል፤ ዓይንን አርገብግበው ቢያዩት ግን ጥቂት ይጠራና መልሶ ይደበዝዛል። በዕድሜ ምክንያት የቅርብ ንባብ የተሳነው ሰው ዓይኑን ቢያርገበግብ ፊደሉ አይጠራለትም። መነጽር ገዝቶ ያልረዳው አንባቢ ይህን ልዩነት ቢያስተውል ይጠቀማል።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ምልክት ግን ሌላ ነው። ዓይኑ የደረቀ ሰው እንባው ይፈስሳል። በነፋስ ሲሄድ፥ በብርድ ሲወጣ፥ በጢስ አጠገብ ሲቀመጥ ጉንጩ እስኪርስ ድረስ ያነባል። ይህን ሰው ሐኪሙ «ዓይንህ ደርቋል» ቢለው እንደ ቀልድ ይቈጥረዋል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ዓይን በደረቀና በተቆረቆረ ጊዜ ነርቩ ይጮኻል፤ ዋናው የእንባ ዕጢም ጩኸቱን ሰምቶ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ይልካል። ይህ በድንገት የመጣ ውሃ እንደ ደህናው የእንባ ሽፋን በዓይን ገጽ ላይ አይረጋም፤ እንደ ጎርፍ በጉንጭ ላይ ወርዶ ያልፋል እንጂ። ጎርፍ ያለፈበት መሬት ሁልጊዜ የጠገበ መሬት አለመሆኑን የሐዲያና የከምባታ ገበሬ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

ደዌው ምን ያህል ሰው እንደሚይዝ የተጠየቀ እንደሆነ፥ የእንባን ነገር የሚያጠኑ የዓለም ሊቃውንት በአውሮፓውያን 2017 ዓመት ባወጡት ታላቅ ዘገባ እንደ አገሩና እንደ መለኪያው ከ100 ሰው ከ5 እስከ 50 መሆኑን ገልጸዋል። የቁጥሩ መራራቅ አንባቢን ሊያስደንቅ ይችላል። ምክንያቱ አንዱ መርማሪ የሕመሙን ስሜት ብቻ ጠይቆ ሲቈጥር፥ ሌላው እንባውን በመሣሪያ ለክቶ ስለሚቈጥር ነው። ደግሞም በደረቅና ነፋሻ አገር የሚኖር ሰው እርጥበት ባለው አገር ከሚኖረው ይልቅ ይታመማል። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ከወጣቱ፥ ሴትም ከወንድ ይልቅ ይጠቃሉ። የስኳር በሽታ ያለባቸው፥ በመገጣጠሚያ ቁርጥማት የሚሠቃዩ፥ ለአለርጂና ለመንፈስ ጭንቀት የሚሰጠውን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ከተጠቂዎቹ ወገን ናቸው። በአውሮፓውያን 1933 ዓመት ሄንሪክ ሾግረን የተባለው ስዊድናዊ የዓይን ሐኪም በመመረቂያ ጽሑፉ 19 ሴቶች ዓይናቸው ደርቆ መቸገራቸውን ሲገልጽ፥ 13ቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ የዓይን ድርቀት አንዳንድ ጊዜ የመላው አካል ደዌ አፍ ሆኖ እንደሚናገር ታውቋል።

አሁን ነገሩን ወደ ሆሣዕና መልሶ መመልከት ይገባል። ከተማይቱ የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ሲሆን፥ የዛሬ ስሟን ያገኘችው ከበዓለ ሆሣዕና ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ተቀምጣለች። በክረምት ዝናቡ የበዛ፥ ምድሩም ለምለም ስለሆነ እንግዳ ሰው በዚህ አገር ስለ ድርቀት ሲወራ ቢሰማ ይገረም ይሆናል። ነገር ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ ባሉት ወራት ደገኛው አየር ደረቅ ነው፤ ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ድንጋይ ባልተነጠፈበት መንገድ ሁሉ ቀዩ አፈር እንደ ዱቄት ይነሣል። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ መዝጊያ ስለሌለው ነጂውም ተሳፋሪውም ነፋሱንና አቧራውን ፊት ለፊት ይቀበሉታል። በዱራሜ፥ በሾኔ፥ በአንጋጫና በዶዮገናም ቢሆን በገበያ ቀን የሚታየው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ከመንገዱ አቧራ ይልቅ የሚከፋው ግን የቤቱ ጢስ ነው። በዚህ አገር ብዙው ቤት ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት ነው። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ፥ ቤቱም ጢስ መውጫ ከሌለው፥ ባልቴቲቱ ቆጮ ስትጋግር በእሳቱና በጢሱ መካከል አጐንብሳ ትቆያለች። ጢስ የእንባውን ሽፋን ይበጣጥሳል፤ የዓይንንም ገጽ ያስቆጣል። አንድ ቀን ቢሆን በታገሠችው። እርስዋ ግን ከልጅነቷ ጀምራ 40 እና 50 ዓመት በጢሱ ውስጥ ኖራለች፤ ዕድሜዋም ሲገፋ የእንባዋ ምንጭ በተፈጥሮ እየቀነሰ ይሄዳል። የደጅ አቧራ የሚያገኘው ሹም ስለ መንገዱ ይጮኻል፤ በማጀት ስላለው ጢስ የሚጮኽ ሹም ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም ሹሙ በማጀት አይውልም።

በዚህ ላይ ያለፈው ዘመን ዕዳ ይጨመርበታል። ትራኮማ የሚባለው የዓይን ደዌ በኢትዮጵያ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገው ምርመራ አሳይቷል። ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት ከ100 40.1 የሚሆኑት ደዌው በላያቸው ነበረ፤ በዚያን ጊዜ ሐዲያና ከምባታ በሚገኙበት በደቡብ ክልል ደግሞ ቁጥሩ 33.2 ነበረ። ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑትም ከ100 ሦስት የሚያህሉት የዓይናቸው ጠጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን ይወጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ከረድኤት ድርጅቶች ጋር ሆኖ መድኃኒቱን በየመንደሩ አድሏል፤ የተገለበጠውን የዓይን ቆብ በቀዶ ሕክምና አቅንቷል፤ ፊትን መታጠብንና መጸዳጃ መቆፈርን አስተምሯል። ለዚህ ሥራ ምስጋና ይገባል።

ነገር ግን ትራኮማ በልጅነቱ ደጋግሞ የያዘው ሰው ጀርሙ ከዓይኑ ከጠፋለት በኋላም ጠባሳው ከዓይኑ ቆብ ውስጥ አይጠፋም። ጠባሳውም ዝልግልጉን ፈሳሽ የሚያመነጩትን ሕዋሳትና የቅባቱን ዕጢዎች ያበላሻቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ጠጉሩ ባይወጋውም እንኳ ዓይኑ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። በ1998 ዓ.ም. ሕፃናት ተብለው የተቈጠሩት ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል። ትራኮማ ጠፋ ተብሎ በዓል የሚደረግበት ቀን በመጣ ጊዜ የእነዚህ ሰዎች ዓይን ከበዓሉ በኋላ ምን ይሆናል? መዝገቡ ቢዘጋም ጠባሳው አይዘጋም። የወባው ሥራ ሲያልቅ ወባ ይቀራል፤ የትራኮማው ሥራ ሲያልቅ ግን ሌላ ሥራ ይጀመራል።

የመብል ነገርም ሳይነሣ መታለፍ አይገባውም። እንሰት አገሩን ከረሃብ የጠበቀ ታላቅ ተክል ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይደፍርም። ይሁንና ቆጮ የኃይል ምግብ ነው እንጂ ዓይንን የሚጠብቀው ቫይታሚን ኤ በውስጡ የለም ማለት ይቻላል። ቫይታሚን ኤ እጅግ የጐደለው ሰው፥ ይልቁንም ሕፃን፥ በመጀመሪያ በማታ ማየት ይሳነዋል፤ ቀጥሎም ዓይኑ ደርቆ ብሌኑ እስከ መፍረስ ይደርሳል። ይኸኛው ድርቀት ከጎልማሶቹ ድርቀት ይልቅ የከፋ ነው፤ ያሳውራልና። አባቶች ቆጮን ከጎመን፥ ከአይብና ከቅቤ ጋር መብላታቸው ታላቅ ጥበብ ነበረ፤ ጎመኑ ቫይታሚኑን ይሰጣል፥ ቅቤውም በሰውነት እንዲዋሃድ ያደርገዋል። አሁን ጎመኑ የድኻ መብል ተብሎ በከተማ ገበታ ላይ ሲናቅ ማየት ያሳዝናል። በዚህም አንጻር አንድ ነገር ማስታወስ ያሻል። ከዓሣ የሚወጣውን ዘይት በእንክብል አድርገው ለደረቀ ዓይን ፍቱን ነው እያሉ በውድ ዋጋ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። በአሜሪካ 535 ሰዎች አንድ ዓመት የተከታተሉበትና በአውሮፓውያን 2018 ዓመት የታተመው ምርምር ግን የዓሣው ዘይት ለማነጻጸሪያ ከተሰጠው ከወይራ ዘይት ብልጫ እንደሌለው አሳይቷል።

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ የባላገሩና የባልቴቲቱ ነገር ነው ብሎ በወንበሩ ላይ ተደላድሎ የሚያነብ የመሥሪያ ቤት ሰው ካለ፥ ቀጥሎ ያለው ስለ ራሱ ነው። ሰው ትኩር ብሎ ሲያይ ዓይኑን ማርገብገብ ይረሳል። ልብስ ሰፊው በመርፌው፥ ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ ሲያፈጥ ይህ ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ ግን በኮምፒዩተርና በስልክ መስተዋት ላይ ያፈጠጠ ሰው የሚያርገበግበው ከወትሮው በግማሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ቁጥር ነው። ማርገብገቡ ሲቀር የእንባው ሽፋን ሳይታደስ ይቀራል።

በኢትዮጵያ የተደረጉት ምርምሮች ይህን ያስረዳሉ። በጎንደር ከተማ በባንክ ሠራተኞች ላይ በተደረገው ጥናት ከ100 ሠራተኛ 73ቱ ከኮምፒዩተር ሥራ የሚመጣው የዓይን ችግር ነበረባቸው። በደብረ ታቦር 607 የኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች ተመርምረው ከ100 69.5 ሆኖ ተገኘ። በአዲስ አበባ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በሚሠሩት ጸሐፊዎች ላይ የተደረገውና በአውሮፓውያን 2020 ዓመት የታተመው ደግሞ 68.8 አገኘ። በዚህ ቁጥር ውስጥ የራስ ምታትና የዕይታ መደብዘዝም ስለሚቈጠር ሁሉም የዓይን ድርቀት ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን መቆርቆሩ፥ መለብለቡና መድረቁ ከምልክቶቹ ዋነኞቹ ናቸው። እንግዲህ ሦስት ከተሞች በየራሳቸው ተመርምረው ከሦስት ሠራተኛ ሁለቱ እንዲህ ሆነው ከተገኙ፥ የመሥሪያ ቤት ወንበር ራሱ አንድ የደዌ ምንጭ መሆኑን መካድ አስቸጋሪ ነው።

ሆሣዕና ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ቢሮው በዝቷል፤ ጸሐፊውና ሒሳብ ሠራተኛው በዝቷል፤ ዩኒቨርሲቲዋም ተማሪውን ይዞ በኮምፒዩተር ፊት ያስቀምጠዋል። ከብዙ ከተሞች የሚለያት ግን ይህ ነው። ያው ሠራተኛ ማለዳ በአቧራው መንገድ በባጃጅ መጥቶ ቀኑን በመስተዋቱ ላይ አፍጥጦ ይውላል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ጢሱ ይቀበለዋል። ዕረፍት የሚያገኘው በእንቅልፍ ብቻ ነው፤ እርሱንም ስልኩ ካልቀማው።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። በጭላንጭል ብርሃን ደቃቅ ጽሕፈት ሲያነብ ያደገ ተማሪ፥ ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ የሚያነጋ ደብተራ፥ ጽናውን ይዞ በዕጣን ጢስ መካከል የሚመላለስ ዲያቆን ዓይናቸው መድከሙ አይቀርም። ብዙ አረጋውያን መምህራን ንባባቸውን የተዉት ብርሃናቸው ጠፍቶ ሳይሆን ማቃጠሉን መታገሥ ስላቃታቸው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ሕመምተኛ ወደ ጠበል ሲመጣም ካህኑ ከጠበሉ ጋር ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ቢመክረው ሁለቱ አይጣሉም።

ወደ ሐኪም ሳይሄድ የቀረው ሰው የሚያደርገው ግን ከደዌው ይልቅ ያሰጋል። ጎረቤቱ የሰጠውን የቅጠል ጭማቂ ይጨምራል፤ ወይም ከመድኃኒት ቤት ሄዶ «ለዓይን የሚሆን» ብሎ ይገዛል። ሻጩም ሳይመረምር ቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጠዋል፤ ይህ ለትራኮማ መልካም ሲሆን እንባን ግን አይተካም። ከዚህ የሚከፋው ዴክሳሜታዞንን የመሰለውን ስቴሮይድ የሚባለውን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሰጠው እንደሆነ ነው። ጠብታው መቅላቱን በአንድ ቀን ያጠፋዋል፤ ሕመምተኛውም ፈዋሽ አገኘሁ ብሎ ደስ ይለዋል፤ በተቆረቆረ ቍጥር ሄዶ ይገዛል። ወራት ሲያልፉ ግን በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይታወቅ ከፍ ይላል፤ ግላኮማና የዓይን ሞራ ይመጣሉ። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ደግሞ አይመለስም። የማያሳውረው ደዌ በመድኃኒቱ ምክንያት ያሳወረ ማለት ይህ ነው። እንደ ማንኛውም ዕቃ በመስኮት የሚሸጥበት ልማድ እስካለ ድረስ የጤና ተቆጣጣሪዎች ሥራቸውን ሠርተናል ሊሉ አይችሉም። ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥብቅ መሆንን ብቻ ይጠይቃል።

ትክክለኛው ሕክምና ይህን ያህል ከባድ አይደለም። ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለው ጠብታ አለ፤ የጐደለውን እንባ ለጊዜው ይተካል። ነገር ግን በቀን ብዙ ጊዜ የሚጨምር ሰው ቤንዛልኮኒየም የሚባለው ማቆያ የሌለበትን እንዲመርጥ ይመከራል፤ ማቆያው ራሱ በብዛት ሲሆን ዓይንን ያስቆጣልና። የቅባቱ ዕጢ የረጋበት ሰው ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክሮ በተጨፈነ ዓይኑ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቢያቆይ፥ ከዚያም የቆቡን ጠርዝ በቀስታ ቢያሻሽ የረጋው ቅባት ይቀልጥለታል። ቅቤ በምን እንደሚቀልጥ ለማንም ማስተማር አያስፈልግም። በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው መስተዋቱን ከዓይኑ ትይዩ ዝቅ አድርጎ ያኑረው፤ በየ20 ደቂቃውም ዓይኑን አንሥቶ በመስኮት ሩቁን ይመልከት፤ እያሰበም ያርገብግብ። የመሥሪያ ቤት አለቃ ሠራተኛው በመስኮት ሲመለከት ሰነፈ ብሎ አይቈጣው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ፥ በሞራና በትራኮማ የሚታወር ሰው ባለበት አገር ስለ መቆርቆር ማውራት ቅንጦት ነው ይል ይሆናል። ቃሉ ሚዛን የሚደፋ ነው። በ1998ቱ ምርመራ ከ100 ሰው 1.6 የሚሆነው ዕውር ሆኖ የተገኘ ሲሆን፥ ከዕውሮቹ ግማሽ የሚያህሉት በሞራ ምክንያት ዕውር የሆኑ ነበሩ። የዓይን ሐኪሞችም በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ የቀዶ ሐኪሙን እጅ ከሞራው ሥራ አንሥቶ ወደ ድርቀት ማዞር ስሕተት ይሆናል፤ ይህን የሚጠይቅም የለም። ነገር ግን ድርቀትን ለማወቅና ለመርዳት ቀዶ ሐኪም አያስፈልግም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑት የዓይን ምርመራ ባለሙያዎችና በየሆስፒታሉ ያሉት የዓይን ነርሶች ይበቃሉ። ደግሞም የሚቆረቁረው ዓይን በወቅቱ የታየለት ሰው የሞራው መጀመሪያና የግላኮማው መነሻ በዚያው ቀን ይታይለታል። «ለመቆርቆር አትምጣ» የተባለ ሰው ግን ሲታወርም ዘግይቶ ይመጣል።

መመርመሪያው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ማወቅ ለሹማምንቱ ይጠቅማል። ኦቶ ሺርመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በአውሮፓውያን 1903 ዓመት ያወጣው ዘዴ አንዲት ስስ የወረቀት ቁራጭ በታችኛው የዓይን ቆብ ላይ አንጠልጥሎ 5 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ እንባው ወረቀቱን ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ብቻ ካራሰው አንሷል ይባላል፤ ከ5 በታች ከሆነም ድርቀቱ ብርቱ ነው። ሁለተኛው ቀለም ያለው ጠብታ ጨምሮ ሕመምተኛው ሳያርገበግብ የእንባው ሽፋን በስንት ሰከንድ እንደሚበጣጠስ መቍጠር ነው፤ 10 ሰከንድ ሳይሞላ ከተበጣጠሰ ደህና አይደለም። ሦስተኛው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይፈልጋል፤ 12 ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሱ ከ0 እስከ 100 ተመዝኖ 13 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ተጠርጣሪ ይሆናል።

በሆሣዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከእርሱም ጋር ከሐዲያ ወገን ተወልዳ የኢትዮጵያ ንግሥት በሆነችው በእሌኒ ስም የተሰየመው ሆስፒታል አለ። ወደ ቡታጅራም መንገድ የግራርቤት የዓይን ሕክምና ዘመን ያስቈጠረ ልምድ አለው። እነዚህ ተባብረው በየከተማው ያለውን ጎልማሳ በቤቱ ቢመረምሩ፥ በጢስ የምትውለው፥ በመስተዋት ፊት የሚውለውና የትራኮማ ጠባሳ ያለበት እያንዳንዱ ስንት እንደሆነ ተለይቶ ይታወቃል። የክልሉ ጤና ቢሮም ለሰው ሠራሽ እንባ መግዣ የሚመድበውን ገንዘብ፥ ጢስ መውጫ ያለው ምድጃ አስቀድሞ የሚታደልበትን ቀበሌ፥ ውሃ የሚረጭበትን ወይም ድንጋይ የሚነጠፍበትን መንገድ በቁጥሩ ላይ ተመሥርቶ ይወስናል። ዛሬ የመንገዱ ጉዳይ ከጤናው ጉዳይ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይነሣም።

ጥያቄዎቹን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለ። አሥራ ሁለቱ ጥያቄዎች የተጻፉት በሌላ አገር ነው፤ በሌሊት መኪና ስለ መንዳት፥ ኮምፒዩተር ስለ መጠቀም፥ የማቀዝቀዣ አየር ባለበት ክፍል ስለ መቀመጥ ይጠይቃሉ። በአንጋጫ ገጠር ያለች ባልቴት እነዚህን ብትጠየቅ «የለብኝም» ብላ ታልፋለች፤ ደህና ተብላም ትመዘገባለች። ስለዚህ ጥያቄው በሐዲይኛና በከምባትኛ ሲገለበጥ ቃሉን ብቻ መተርጐም አይበቃም፤ እሳት ስለ ማንደድ፥ እንሰት ስለ መፋቅ፥ በነፋስ ወደ ገበያ ስለ መሄድ የሚጠይቅ ሊጨመርበትና እንደ ገና ሊፈተን ይገባል። ቋንቋውን የሚያውቁ የአገሩ ሴቶች ጠያቂ ሆነው ቢላኩ ከማጀቱ ድረስ ይገባሉ። ቈጠራውም የሚጀመረው ከገበያ ቀን በቀር በሌላ ቀን ይሁን፤ በገበያ ቀን ከአቧራው የተነሣ ዓይኑን የማያሽ ሰው አይገኝምና።